ከመቶ በላይ ሲመጣ መቶ በል

ሰሞኑን በቤታችን ጠብ የሚያስነሳው የስልክ ኔትወርክ ነው። ልጄ ሄለን ስልኳን ወደ ኮርኒሱ ከፍ አድርጋ ከሳሎን ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ሳሎን ትመላለስና «አባዬ፣ አራቱም መስመር ሙሉ ነው፤ ግን አንድ ፎቶ እንኳ አልሄድ አለኝ» ትላለች። «መስመሩን የሳለውን ሰው ጠይቂው» እላታለሁ። አባቷ እንደ ልማዱ ነገር እያጣመመ መስሏት ትስቃለች። እኔ ግን የምሬን ነው። እነዚያ መስመሮች ከሰማይ አይወርዱም፤ የሆነ ሰው የሆነ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ቁጥሩ እዚህ ሲደርስ ይህን ያህል አሳይ ብሎ የወሰናቸው ናቸው። ሰውየው ጠንቃቃ ከሆነ እሰየው። ሰነፍና ኩሩ ከሆነ ግን መከራው ለሌላ ሰው ይተርፋል። እኔም በጊዜዬ ከነዚያ ወሳኞች አንዱ ነበርኩ። ኮምፒውተር ላይ በጻፍኳት አንዲት ትእዛዝ የአንድ ጨዋ ሰው ስም ጠፍቷል። ይህን ሃያ ምናምን ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ባለፈው ጥቅምት ለለቅሶ ሱሉልታ ሄጄ ገመቹን ባላገኘው ኖሮ እንደያዝኩት እሞት ነበር።

ያን ጊዜ ማን ወርዶ ማን እንደወጣ፣ በሬዲዮ ምን እንደተባለ ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ከመርካቶ ቡራዩ ከታ ድረስ ታክሲ ብር ከሃያ አምስት መሆኑን ነው። ኢንተርኔት ቤት ደቂቃው ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ አንዲት ገጽ ተከፍታ እስክታልቅ ግን ሁለት ብር ትበላለች። ሞባይል የደረሰው ሰው በቆዳ ማህደር ከቀበቶው ላይ አስሮ፣ ጃኬቱን ሆን ብሎ ገለጥ አድርጎ ይሄዳል። ሱሪያችን ሰፊ፣ ጫማችን ሹል፣ የሸሚዛችን ኮሌታ ከጃኬቱ ውጭ የተዘረጋ ነበር፤ ዛሬ ፎቶውን ሳየው ራሴን እታዘበዋለሁ። ቢሯችን ዓለም ገና፣ የቡታጅራው መንገድ ከሚገነጠልበት ጥግ፣ ከሐጂ ነስሩ የቆርቆሮና የቀለም ሱቅ በላይ ነበር። ደረጃው ሁልጊዜ ቀለም ቀለም ይሸታል። ከማዶ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንድ የመለያየት ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግም፣ ሥራችንን ሁሉ የሠራነው ከማናውቃት ሴት ጋር እየተለያየን ነው ማለት ይቻላል። ከታች የምትሸጠው ፓስቲ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበረች፤ በሻይ ሁለቷ ቁርስ ሆና እስከ ምሳ ታደርሳለች። ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ ባለ ስድስት ፎቅ መስታወት ሕንጻ ቆሟል፤ ስሙንም አላውቀውም፣ ለማወቅም አልፈለግኩም።

ሥራችን ፋብሪካን ከመጋዘኑ፣ መጋዘንን ከዋና ቢሮው በሬዲዮ ማገናኘት ነበር። አንድ አንቴና እዚህ ጣሪያ ላይ፣ አንድ አንቴና እዚያ ማዶ ታወር ላይ ይተከልና ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከዚያ የመጋዘኑ ጸሐፊ የጻፈው ፋብሪካው ውስጥ ይነበባል። ዛሬ ይህ ለልጅም አይደንቅም። ያኔ ግን የዘይት ፋብሪካ ባለቤቶች ሽቦ ሳያዩ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ያማትቡ ነበር። ድርጅቱ የአቶ ደረጀ ነው። አቶ ደረጀ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቸኳይ ነበሩ። በቤተሰብ መሬት ሽያጭ ገንዘብ የጀመሩት ሥራ ስለሆነ፣ አንድ ደንበኛ ባኮረፈ ቁጥር የአባታቸው መሬት ሁለተኛ የተሸጠባቸው ይመስላቸዋል። እኔ የኮምፒውተሩን ነገር እይዛለሁ፤ ገመቹ ደግሞ ታወር ይወጣል።

ገመቹ ቶሎሳ የቡራዩ ልጅ ነው። አባቱ ኦቦ ቶሎሳ በሰፈሩ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው፤ ልጁም ከአባቱ የወረሰው አንድ ነገር ቢኖር ያላየውን አለመናገር ነው። ታወር ሲወጣ ጫማውን ያወልቃል። ወረቀት ነፋስ ይወስድብኛል ብሎ፣ ከላይ ሆኖ ላፕቶፑ ላይ ያነበበውን ቁጥር በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ይጽፍና ሲወርድ እጁን ዘርግቶ ያሳየኛል። ከመዳፉ ነው ወደ ቅጹ የሚገለበጠው። እኔን «ኢንጂነር» ነበር የሚለኝ፤ ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ እንደሌለኝ እያወቀ ነው። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ እንደማይገባኝ እያወቅኩ ደስ ይለኝ ነበር። ምሳ አብረን ነው የምንበላው፣ ጠብም ሳቅም አብረን ነው። ከእሱ በኋላ እንደሱ የቀረብኩት የሥራ ጓደኛ የለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንቴናው በትክክል መዞሩን ለማወቅ የሲግናሉን ጥራት ማንበብ ያስፈልጋል። ያንን የሚያነብና ከመቶ ስንት እንደሆነ በትልልቅ ፊደል የሚያሳይ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ በድርጅቱ ውስጥ እንደ ጀግና ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ፕሮግራሜ ግን ቁጥሩን ራሱ አይለካም። የሬዲዮ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግር፣ ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ አለ፤ ቁጥሩን ከሱ ነው የሚቀበለው። ያኔ ደግሞ እያንዳንዱ ካርድ ሠሪ ድራይቨሩን በመሰለው መንገድ ይጽፋል። አንዱ ከመቶ ይቆጥራል፣ አንዱ ከሌላ ነገር ይቆጥራል። ሁለት ነጋዴ በአንድ ገበያ፣ አንዱ በትልቅ ጣሳ አንዱ በትንሽ ጣሳ እየሰፈረ «ሦስት ጣሳ ሸጥኩ» ቢል ማለት ነው። ጣሳውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ መስማት ዋጋ የለውም። እኔ ጣሳውን አላየሁም። የመጣልኝን ቁጥር ተቀብዬ፣ ከጎኑ የመቶኛ ምልክት ለጥፌ አሳየሁ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልናገር። አንድ ቀን ገመቹ ከመናገሻ ሲመለስ መዳፉ ላይ መቶ አርባ ሦስት ጽፎ መጣ። «ኢንጂነር፣ ከመቶ መቶ አርባ ሦስት እንዴት ነው? ሰማይ ቤት ደረስኩ እንዴ?» አለኝ። ሳቅን። እዚያ ላይ ቆም ብዬ ለምን ብል ኖሮ የዛሬው ወሬ ባልኖረ ነበር። እኔ ግን አቶ ደረጀ እንዳያዩብኝ ቸኮልኩና ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ትእዛዝ ጨመርኩ፤ ቁጥሩ ከመቶ በላይ ሲመጣ መቶ በል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንደሚባለው፣ አስተካከልኩ ብዬ የጨረስኩት ማበላሸቴን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመቹ በወጣበት ሁሉ መቶ፣ መቶ፣ መቶ ይዞ መውረድ ጀመረ። ቢሮ ውስጥ «መቶው» ብለን ስም አወጣንለት። እኔም አብሬ ጠራሁት፤ መቶው መጣ፣ መቶው ሄደ እያልኩ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ የዘይት ፋብሪካ ከፉሪ መጋዘኑ ጋር ያለው ግንኙነት ይቆራረጥ ጀመር። የዝናብ ጠብታ በወረደ ቁጥር ይጠፋል። ባለቤቱ ስልክ ደውለው በአቶ ደረጀ ላይ ጮኹ፤ አቶ ደረጀ ደግሞ እኛ ላይ። ቅጹ ሲወጣ ገመቹ የጻፈው ዘጠና ሰባት ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ሲግናል በዝናብ ሊጠፋ አይችልም። አቶ ደረጀ ፕሮግራሜ የተጫነበትን የራሳቸውን ላፕቶፕ ሰጡኝና ፉሪ ሄጄ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ኮረብታው ላይ ያለው ነፋስ ለጉድ ነበር። አንቴናው ንቅንቅ አላለም፤ ብሎኑ ገመቹ እንዳሰረው ነው። ቁጥሩ ግን ሠላሳ ስምንት አለ። ደጋግሜ አየሁት፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት። ስመለስ የነገርኳቸው ያየሁትን ብቻ ነው። አቶ ደረጀ የድሮዎቹን ቅጾች ሁሉ አስወጡና ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ፤ ከፉሪው በቀር ሁሉም መቶ። «በየትኛው አገር ነው ሁልጊዜ መቶ የሚመጣው?» አሉ። «ይሄ ልጅ ታወር አይወጣም። ታች ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሚጽፈው።»

ገመቹ ሲጠራ አልተቆጣም። «ወጥቻለሁ፤ ያየሁትን ጽፌአለሁ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። አቶ ደረጀ የሐሰት ሰነድ አዘጋጅቷል ብለው ለፖሊስ ለመስጠት ተነሱ። ወሬው ቡራዩ ደረሰ። ኦቦ ቶሎሳ ይህን ሲሰሙ ልጃቸው ከመታሰሩ በፊት ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ብለው ሰው ላኩ፤ አቶ ደረጀም እሺ አሉ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ በኦቦ ቶሎሳ ግቢ ተቀመጥን። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጠብ ያበረዱት ሰው ያን ቀን ከተከሳሽ ወገን፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ነበሩ። ሰብሳቢው ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ካዳመጡ በኋላ ገመቹን ሌላ የምትለው አለህ ወይ አሉት።

«አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ ገመቹ። «የሳቸውን ላፕቶፕና የኔን ላፕቶፕ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እዩት። ሌላ አልፈልግም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ መለኪያውንም ያዘጋጀኸው አንተ ነህ አሉን። ይህ ነገር ይሳሳታል ወይ?»

እስኪ ምን ነበረበት፣ እንሞክረው ብል? የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። ነገር ግን በሰው ፊት የኔ ፕሮግራም ሊሳሳት ይችላል ማለት ከሞት የከበደ መሰለኝ። ያ መቶ አርባ ሦስትም በዚያች ቅጽበት ትዝ ብሎኛል፤ አልረሳሁትም ነበር። «አባቴ፣ ማሽን አይዋሽም» አልኩ። «የሚዋሽ ሰው ነው።» ስናገረው ጥሩ አባባል መስሎኝ ነበር። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ የሚመልሳት አልተገኘም።

ኦቦ ቶሎሳ ከበርጩማቸው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙና አቶ ደረጀ ፊት ቆሙ። «ልጄ አጥፍቷል» አሉ። «እሱ አፉን ቢይዘው እኔ አባቱ ነኝ፣ እኔ እላለሁ። ይቅር በሉን።» ከዚያ ጎንበስ አሉ፤ አቶ ደረጀ ደንግጠው ትከሻቸውን ያዟቸው። ገመቹ «አባ፣ ሂን ሶብኔ» አለ፤ አልዋሸሁም ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ አለው። አባቱ አላዩትም። ነገሩ በዚያ አለቀ፤ ፖሊስ ቀረ፣ ገመቹ ከሥራ ወጣ፣ እኛም በኦቦ ቶሎሳ ቤት ምሳ በላን። የበላሁትን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ፤ ጥሩ ምሳ ነበር። ገመቹ አብሮን አልበላም። በዚያው ሳምንት ልብሱን ይዞ ከአባቱ ቤት ወጣ አሉ። ወዴት እንደሄደ አልጠየቅኩም።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ብቻዬን ሆኜ ዕቃ ሳስተካክል ሁለቱ ላፕቶፖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ቻርጀር ፈልጌ ነው። ሁለቱም ክፍት ነበሩ፣ ሁለቱም ከአንዱ የቢሯችን አንቴና ነበር የሚያነቡት። የአቶ ደረጀ አርባ አንድ ይላል። የገመቹ መቶ ይላል። ቁጭ አልኩ። ያቺን ከመቶ በላይ ሲመጣ መቶ በል የምትል ትእዛዝ አጠፋኋትና ደግሜ አየሁት፤ መቶ አራት አለ። ከዚያ የገመቹን ካርድ ድራይቨር ጽሑፍ ከፍቼ ገጽ በገጽ ወረድኩበት። ሠሪዎቹ በግልጽ ጽፈውታል፤ የጥራቱ ጣሪያ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ነው። መቶ አይደለም። የአቶ ደረጀን ካርድ ስከፍተው መቶ ነው። እርሳስ አንስቼ የፉሪውን ዘጠና ሰባት ለሁለት መቶ ሃምሳ አምስት አካፈልኩት። ሠላሳ ስምንት ከመቶ መጣ። ጭቃ ለጭቃ ሄጄ፣ ጣሪያ ወጥቼ ያነበብኩት ያው ቁጥር ነው። ገመቹ ያየውን ነበር የጻፈው። ሁልጊዜ፣ ሁሉም ታወር ላይ ወጥቶ፣ ያየውን ነበር መዳፉ ላይ የጻፈው። ደካማውን ሲግናል ጥሩ አድርጌ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ያንን አምኖ የወረደውን ልጅ እኔው በምስክርነት ቀበርኩት።

ምን አደረግኩ? ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። መጀመሪያ የካርዱን ጣሪያ እንዲጠይቅ፣ ከዚያ እንዲያካፍል አድርጌ ጻፍኩት፤ ሰኞ ሲነጋ ለአቶ ደረጀ «ትንሽ ማሻሻያ ጨምሬበታለሁ» አልኳቸው። «ጎበዝ» አሉኝ። በዚያው ወር የቴክኒክ ኃላፊ ተባልኩ። ባለቤቴ ሄለንን አርግዛ ነበር፣ ቤት ልንቀይር ነበር፣ እያልኩ ለራሴ ብዙ ምክንያት ደርድሬአለሁ። እውነቱ ፈሪ መሆኔ ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ለኦቦ ቶሎሳ ልነግር ቆርጬ እስከ ከታ ሄጃለሁ። ከታክሲ ወርጄ፣ የጫማ አሳማሪዎቹ ጥግ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ፣ በሃምሳ ሳንቲም ሻይ ጠጣሁ፤ ደገምኩ። ግቢያቸው ከዚያ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨርሼ ወደ ዓለም ገና ተመለስኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ንጋቱስ ማንም ሳይነካው ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል፣ እኔም ያ ሰው አልነበርኩም።

ዓመቱ እንዴት እንደሄደ እንጃ። የአቶ ደረጀ ድርጅት ተዘጋ፣ እሳቸውም አረፉ። ፉሪ ያ መጋዘን የነበረበት ኮረብታ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ የእህቴ ልጅ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከጠዋት እስከ ማታ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ልጆቻችን በኪሳቸው የያዙት ስልክ የኛን ያንን ሁሉ ታወርና አንቴና ያስንቃል። እኔም ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ተቀመጥኩ። ሰው ሲያገኘኝ «በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የምታውቅ» እያለ ያከብረኛል፤ እኔም መከበሩን አልጠላውም።

ባለፈው ጥቅምት እንግዲህ የጎረቤቴ ወንድም ሱሉልታ አርፎ ለቅሶ ሄድኩ። ከድንኳኑ ስወጣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ቻርጀር ልገዛ መንገድ ዳር ያለ የዲሽና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሰውነቱ ሞላ ብሏል። ገና ቀና ሲል አወቅኩት። እሱም አወቀኝ።

«ኢንጂነር» አለኝ። ሳቅ አላለም፣ አልተኮሳተረምም። «ግባ እንጂ፤ ምነው በር ላይ ቆምክ?»

የፕላስቲክ ወንበር አወጣልኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። አራት ልጆች አሉት፤ ትልቋ ነርስ ናት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ደግነቱ መቀመጫ አሳጣኝ። ለስላሳውን ሳልጨርስ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ድራይቨሩ፣ ስለ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስቱ፣ ከመቶ በላይ ሲመጣ መቶ በል ስላልኩት፣ ዘጠና ሰባቱ ሠላሳ ስምንት እንደነበር። ዲሽ ገመድ እየጠቀለለ ሰማኝ። መቼ እንዳወቅኩት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ስጨርስ ገመዱን ቦታው ሰቀለ። «ለኔ መንገርህ ደህና» አለ። «ለአባቴ ንገርልኝ።»

«አሉ እንዴ?»

«አለ። ዘጠናን እየተጠጋ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ፣ አብረን እንበላለን። ያንን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አንስተነው አናውቅም።» የሱቁን ቁልፍ አነሣና «ልጆቼን ባየ ቁጥር እናንተ እንኳ አትዋሹ ይላቸዋል» አለኝ።

ሱቁን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ዘጋው። ከኋላዋ ዲሽ የተጫነባት አሮጌ ፒክአፕ አለችው፤ በሷ ሄድን። የሱሉልታ ሜዳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት ከርሞ ገና እየጠፈፈ ነበር፣ ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ሣር ውስጥ ናቸው። በእንጦጦ ወርደን፣ ከተማውን ሰንጥቀን ቡራዩ እስክንደርስ ብዙ አላወራንም። ከታን ስናልፍ ያቺን ሻይ ቤት በዓይኔ ፈለግኳት፤ ባንክ ሆናለች።

ኦቦ ቶሎሳ በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገመቹ በኦሮምኛ ማን እንደሆንኩ ነገራቸው። «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው ሰላም አሉኝና እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ የማሽኑን ነገር በጣሳና በገበያ አስመስዬ አስረዳኋቸው። ቶሎ ገባቸው። ልጃቸው እንዳልዋሸ፣ የዋሸው የኔ መለኪያ እንደነበር ስነግራቸው እጄን የያዘው እጃቸው ጠበቅ አለ።

«መቼ ነው ይህን ያወቅከው?» ብለው ጠየቁኝ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። ገመቹ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። እኚህ ሰው የያዙትን እጄን ቢለቁትስ ብዬ ፈራሁ። «በቅርቡ ነው፣ አባቴ» አልኩ። «አሮጌ ዕቃ ሳገላብጥ ያ ላፕቶፕ እጄ ገባና ሞከርኩት።» አንድ ጊዜ ከጀመርኩ ወዲያ ቀለለኝ፤ አቧራውን እንዴት እንደጠረግኩት ሳይቀር ጨመርኩበት።

ኦቦ ቶሎሳ «ኢልመ ኮ»፣ ልጄ፣ ብለው ገመቹን ጠሩ። የሃምሳ ዓመቱ ሰው መጥቶ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ፤ ራሱን በሁለት እጃቸው ያዙት። በቋንቋቸው ብዙ ነገር አሉት፣ የገባኝ ግማሹ ነው፤ ይቅርታ የምትለዋ ግን በየትኛውም ቋንቋ ትታወቃለች። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ሳልጠራ የሰው ቤት የገባሁ ያህል ዓይኔን ወዴት እንደማደርግ አጣሁ። በኋላ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ሌላው ቢሆን አፍኖት ይሞት ነበር» አሉ። «ባወቀበት ቀን የሚናገር ሰው አያሳጣን። ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ።» እኔም አሜን አልኩ። ምርቃቱን ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኩት።

ገመቹ እስከ ታክሲ መያዣው ላድርስህ አለኝ። ከታ ደርሰን መኪናዋን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። እኔ ልሰናበተው እጄን ስዘረጋ እሱ መንገዱን እያየ ነበር።

«ፕሮግራሙን የቀየርክ ሰሞን በኔ ቦታ ታወር የሚወጡት ልጆች ነግረውኛል» አለኝ። «ገመቹ፣ ያንተ ላፕቶፕ መቶ ማለት ተወ አሉኝ። ያኔ ገባኝ። መስቀል እንኳ አልደረሰም ነበር።»

የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

«አባቴ ግን ይህን እንዳይሰማ» አለ። «ዛሬ ደስ ብሎታል።»

«ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅክ ምነው ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«አንተ መጥተህ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነዋ» አለ። «ዛሬም አልነገርከኝም።»

ክንዱን በፊቴ አሻግሮ በሩን ከፈተልኝ፤ ወረድኩ።